አሮጌ ስልኮችን በሊኑክስ ማሰንበት

አብዛኛው ስማርት ስልክ ከአገልግሎት የሚወጣው አካሉ ሳይበላሽ ነው። ስክሪኑ ይሠራል፤ ባትሪው ቢዳከም ይቀየራል፤ ፕሮሰሰሩም ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለቪዲዮ ይበቃል። የሚቋረጠው የሶፍትዌር ማሻሻያው ነው። አምራቹ ማሻሻያ መላክ ካቆመ በኋላ አዲስ የደህንነት ክፍተት ቢገኝ የሚደፍነው አይኖርም፤ ውሎ አድሮም መተግበሪያዎች በአሮጌው አንድሮይድ ላይ አልጫን ይላሉ። ይህን ያለጊዜው የሚመጣ ጡረታ ለመከላከል በዓለም ዙሪያ ያሉ ፕሮግራመሮች ከአሥር ዓመት በላይ ሲደክሙ ቆይተዋል። መንገዳቸውም ለኮምፒውተር የተሠራውን ሊኑክስ ወይም ሌላ አማራጭ ስርዓተ ክወና በስልኩ ላይ መጫን ነው።

የችግሩ ምንጭ

አንድሮይድ ራሱ የቆመው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው የሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ከርነል ሃርድዌሩን ከሌላው ሶፍትዌር ጋር የሚያገናኝ የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። እንደ ኳልኮምና ሚዲያቴክ ያሉ ቺፕ ሠሪዎች አዲስ ቺፕ ሲያወጡ በወቅቱ ያለውን የከርነል እትም ወስደው የራሳቸውን ኮድ ይጨምሩበታል። ለግራፊክስ፣ ለካሜራና ለሞደም የሚያስፈልጉትን፣ ድራይቨር የሚባሉትን ማንቀሳቀሻ ፕሮግራሞችም በአብዛኛው ኮዳቸውን ሳይገልጡ ለስልክ አምራቹ ያስረክባሉ። እነዚህ ድራይቨሮች የተሠሩት ለዚያ እትም ስለሆነ ቺፕ ሠሪው ወደ ቀጣዩ ምርት ሲሻገር ስልኩ ከአሮጌው ከርነል ጋር ታስሮ ይቀራል።

የኔዘርላንዱ ፌርፎን ኩባንያ የዚህን ክብደት በሚገባ ያውቀዋል። በ2015 ለገበያ ያቀረበው ፌርፎን 2 ከኳልኮም ያገኝ የነበረው ድጋፍ በአንድሮይድ 6 ላይ ተቋረጠበት። ኩባንያው ሸክሙን ራሱ ወስዶ ስልኩን እስከ አንድሮይድ 10 አደረሰው፤ ድጋፉንም እስከ ማርች 2023 አዘለቀው። ሰባት ዓመት የፈጀው ይህ ጥረት ሥራው እንደሚቻል አሳይቷል፤ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነም እንዲሁ።

ሌላው እንቅፋት የስልኮች አሠራር ነው። ላፕቶፕ ሲበራ በውስጡ ያሉትን ዕቃዎች ለስርዓተ ክወናው ያስተዋውቃል፤ በዚህ ምክንያት በአንድ ፍላሽ ላይ የተጫነ ሊኑክስ እጅግ ብዙ ዓይነት ላፕቶፖችን ያስነሳል። ስልክ ግን ይህን አያደርግም። ስክሪኑ፣ የድምፅ ቺፑና ባትሪ መሙያው የት የት እንደተገናኙ የሚዘረዝር «ዲቫይስ ትሪ» የሚባል ፋይል ለእያንዳንዱ ሞዴል ለብቻው መጻፍ አለበት።

የሙከራዎቹ ታሪክ

ኖኪያ በ2009 ያወጣው ኤን900 በዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተመሠረተውን ማኤሞ የተባለ ስርዓት ይዞ የመጣ፣ 256 ሜጋባይት ራምና ተንሸራታች ኪቦርድ የነበረው ስልክ ነበር። ኖኪያ በ2011 ፊቱን ወደ ዊንዶውስ ፎን ቢያዞርም ወዳጆቹ «ማኤሞ ሌስቴ» በተባለ ፕሮጀክት ስልኩን እስካሁን በአዲስ ሶፍትዌር ያኖሩታል። የኡቡንቱ ሊኑክስ ባለቤት ካኖኒካል በ2013 ለስልክ የተዘጋጀውን ኡቡንቱ ተችን አስተዋወቀ። በዚያው ዓመት «ኡቡንቱ ኤጅ» ለተባለ፣ ከሞኒተር ጋር ሲገናኝ ሙሉ ኮምፒውተር ለሚሆን ስልክ 32 ሚሊዮን ዶላር ከሕዝብ ለማሰባሰብ ሞክሮ ያገኘው ቃል 13 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፤ ስልኩም ሳይሠራ ቀረ። በኤፕሪል 2017 የኩባንያው መሥራች ማርክ ሸትልወርዝ የስልክ ሥራው መቆሙን አስታወቀ፤ ዩቢፖርትስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበረሰብ ኡቡንቱ ተችን ተረክቦ እስከ ዛሬ ያሳድገዋል።

ከአንድ ወር በኋላ፣ በሜይ 2017፣ ኦሊቨር ስሚዝ ፖስትማርኬትኦኤስን ይፋ አደረገ። ግቡ ግልጽ ነበር፤ አንድ ስልክ አሥር ዓመት እንዲያገለግል ማድረግ። መሠረቱ አልፓይን የተባለው እጅግ ቀላል ሊኑክስ ነው።

ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ሌላ አንድሮይድ መጫን ነው። ሊኔጅኦኤስ በ2009 የተጀመረውና በ2016 መጨረሻ የቆመው ሳያኖጅንሞድ ወራሽ ነው። የተለመዱት መተግበሪያዎች ስለሚሠሩበት ለብዙ ተጠቃሚ ቀላሉ ይህ ነው፤ ከአምራቹ ከርነል ግን አብዛኛውን ጊዜ አይላቀቅም።

ሁለተኛው መንገድ መሃል ላይ ያለ ነው። ኡቡንቱ ተች በብዙ ስልኮች ላይ ሃሊየም በተባለ መሸጋገሪያ አማካይነት የአንድሮይዱን ከርነልና ድራይቨሮች እያሠራ በላያቸው የራሱን ሊኑክስ ያስኬዳል። ካሜራውና ሞደሙ ቶሎ ይሠራሉ፤ የአሮጌው ከርነል ድክመት ግን አብሮ ይቀጥላል።

ሦስተኛው መንገድ ረጅሙና ዘላቂው ነው፤ የስልኩን ድራይቨሮች ቶርቫልድስና ባልደረቦቹ በሚጠብቁት ዋናው ከርነል ውስጥ ማስገባት። አንድ ጊዜ እዚያ የገባ ኮድ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይታደሳል። ለዚህ ትልቅ በር የከፈተው ሮብ ክላርክ በ2012 ገደማ ይፋ ያደረገው ፍሪድሪኖ ነው፤ የኳልኮምን አድሬኖ ግራፊክስ አሠራር ከውጭ በማጥናት የተጻፈ ክፍት ድራይቨር ነው።

ሥራው በተግባር

በ2018 የወጣው ዋንፕላስ 6 ለሦስተኛው መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስናፕድራገን 845 ቺፕና 6 ወይም 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ ከአምራቹ ያገኘው የመጨረሻ ትልቅ ማሻሻያ አንድሮይድ 11 ነበር። በቅድሚያ ከቅንብሮቹ ውስጥ ስርዓተ ክወናውን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ማለትም ቡትሎደሩን፣ ለመክፈት የሚፈቅደው አማራጭ ይበራል፤ ስልኩ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ፋስትቡት በተባለው መሣሪያ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ፎቶውም ስልክ ቁጥሩም ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ግድ ነው። ከዚያ ሊኑክስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ፒኤምቡትስትራፕ የተባለው የፖስትማርኬትኦኤስ መሣሪያ የስልኩን ሞዴል፣ የሚፈለገውን ገጽታና የተጠቃሚውን ስም ጠይቆ ስርዓቱን ያዘጋጃል፤ ፋይሉም ወደ ስልኩ ይጫናል። ስልኩ ሲነሳ ፎሽ ወይም ፕላዝማ ሞባይል የተባለው ገጽታ ይመጣል፤ ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስም ከአልፓይን ማከማቻ ይወርዳሉ።

አማርኛም እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ቅርጸ ቁምፊ መጫን ለማንበብ ይበቃል። ለመጻፍ ደግሞ ኤም17ኤን የተባለው ስብስብ በላቲን ፊደል ሲተየብ ወደ ግዕዝ የሚለውጥ ዘዴ አለው፤ ብሉቱዝ ኪቦርድ ሲገናኝ የበለጠ ይመቻል።

የቀሩ ጉድለቶች

ካሜራ ከሁሉ የሚያስቸግር ክፍል ነው፤ ዝግ በሆነ ሶፍትዌር ላይ ስለሚመካ በብዙ ሞዴሎች ጨርሶ አይሠራም ወይም የደበዘዘ ምስል ይሰጣል። ጥሪ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በአሜሪካ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በ2022 3ጂን ሲዘጉ በ4ጂ መደወል የማይችሉ ስልኮች መደወያነታቸው አበቃ፤ ይህን ችሎታ በአማራጭ ስርዓት ላይ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። ዌይድሮይድ የተባለው ሶፍትዌር የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን በሊኑክስ ውስጥ ያሠራል፤ ሆኖም የስልኩን ስርዓት የሚመረምሩ የባንክ መተግበሪያዎች ሊከለክሉ ይችላሉ። በስልኩ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስ ሰው ለዚሁ ሌላ ስልክ ቢይዝ ይሻለዋል።

ለመደወል ያልተመቸ ስልክ ግን ለሌላ ሥራ ይሆናል። በኢስቶኒያ የታርቱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2025 ባሳተሙት ሥራ የአሮጌ ስልኮችን ባትሪ አውጥተው፣ በውጭ ኃይል እያንቀሳቀሱና አንድ ላይ እያገናኙ ትንሽ የመረጃ ማዕከል ሠርተዋል፤ የአንዱ ስልክ ወጪ 8 ዩሮ ያህል ነበር። ባትሪውን ማውጣታቸው ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ሌት ተቀን ሲሞላ የሚውል አሮጌ ባትሪ አብጦ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ሕግና የባለቤት መብት

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ግምት ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥላለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። ጫናው አምራቾችንም መለወጥ ጀምሯል። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግም ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። በአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ አንድ ሞዴል ከገበያ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዲያገኝ ያስገድዳል።

እነዚህ እርምጃዎች ሊመሰገኑ ይገባል፤ የሚጎድላቸው ግን አለ። የተወሰነው ዓመት ሲያልቅ ባለቤቱ ቡትሎደሩን የመክፈት መብት እንዲኖረው፣ የድራይቨሮቹም ኮድ ይፋ እንዲወጣ አያስገድዱም። ሁዋዌ በ2018 የቡትሎደር መክፈቻ ኮድ መስጠት ሲያቆም፣ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ሰው በስልኩ ላይ ሌላ ስርዓት የመጫን ምርጫውን አጣ። ጉዳቱ የሚከብደው ስልክ ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በሚሸጥባቸው አገሮች ነው፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ገዢ ስልኩን ሲያገኝ የማሻሻያው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ተገባዷል። ስለዚህ ከዓመታት ቁጥር ይልቅ የሚያዛልቀው፣ ድጋፍ ሲያበቃ ቁልፉንና ኮዱን ለባለቤቱ ማስረከብን ግዴታ ማድረግ ነው።