አሮጌውን «ዉድ» በአዲስ መለወጥ ያዋጣል?

የጎልፍ ዱላ ገበያ ለእኛ አገር ነጋዴ ሩቅ ነገር ይመስላል። አዲስ አበባ ውስጥ ጎልፍ የሚጫወተው ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አክሲዮን ለሚገዛና ለሚሸጥ፣ መጋዘን ያስቀመጠው ዕቃ ዓይኑ እያየ ዋጋው ሲወርድበት ለኖረ ሰው፣ ከአሜሪካ የጎልፍ ገበያ የሚቀስመው ብዙ ትምህርት አለ። በተለይ «ፌርዌይ ዉድ» የሚባለው የዱላ ዓይነት በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ኩባንያ አንስቶ ጥሏል፣ ሌላውን ደግሞ ክፉኛ አናግቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቀው አንባቢ ዕቃውን እናስተዋውቅ። ተጫዋቹ በትልቁ ዱላ፣ በ«ድራይቨር»፣ የመጀመሪያውን ምት ከመታ በኋላ ኳሱ ሣር ላይ ያርፋል። ጉድጓዱ ገና ሩቅ ከሆነ ኳሱን ከሣሩ ላይ አንስቶ አርቆ የሚልክለት ዱላ ያስፈልገዋል። ፌርዌይ ዉድ የሚሠራው ይህንኑ ነው። «ዉድ» ማለት እንጨት ሲሆን፣ ስሙ የመጣው የዱላው ራስ ቀድሞ ፐርሲመን ከሚባል ዛፍ ይሠራ ስለነበር ነው። ቴይለርሜድ በ1979 ተቋቁሞ የብረት ራስ ያለውን ዉድ ገበያ ካወጣ በኋላ እንጨቱ ቀስ በቀስ ቀረ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ዛሬ ከታወቁት አምራቾች የአንዱን አዲስ ፌርዌይ ዉድ የሚገዛ ሰው 350 ዶላር ገደማ ይጠየቃል። በቦርሳው ውስጥ የሃያ ዓመት ዱላ የያዘ ተጫዋች ታዲያ ጥያቄው ቀላል ነው፤ ይህን ገንዘብ ባወጣ ምን ያገኛል?

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ተጫዋቹ በዓመት 30 ጊዜ ሜዳ ይወጣል እንበል። በእያንዳንዱ ጨዋታ ይህን ዱላ አራት ጊዜ ቢያነሳው በዓመት 120 ምት ይሆናል። አሮጌውን ለሱቁ መልሶ 30 ዶላር ቢታሰብለት ከኪሱ የሚወጣው 320 ዶላር ነው። ይህም በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ምት ሁለት ዶላር ከ67 ሳንቲም ማለት ነው። ያንኑ ዱላ የሁለት ዓመት ዕድሜ ካለው በኋላ፣ ተጠቅመውበት የተመለሰውን፣ በ180 ዶላር ቢያገኘው ግን ወጪው 150 ዶላር፣ ለአንድ ምት አንድ ዶላር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። ዋጋዎቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ በተግባር እንደ ዱላው ሁኔታ ከፍም ዝቅም ይላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከየት ይመጣል የሚለው ነው ዋናው ነገር።

መጀመሪያ አዲሱ ዱላ በእርግጥ የሚሰጠውን እንመልከት። የ1990ዎቹ ፌርዌይ ዉድ ፊቱ ወፍራም ብረት ነው፤ ኳሱን እንደ ዛሬው አያነጥርም። ከዚያ ወዲህ ፊቱ ሳሳ፣ ክብደቱ ወደ ታችና ወደ ኋላ ተወሰደ፣ ዘንጉም ከብረት ወደ ቀላሉ ግራፋይት ተለወጠ። ስለዚህ የሃያ አምስትና የሠላሳ ዓመት ዱላ የያዘ ሰው ቢለውጥ ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል፤ በተለይ ኳሱን መሐል ለመሐል ሳያገኘው ሲቀር አዲሱ ይበልጥ ይታገሠዋል።

ነገር ግን ለዚህ እድገት ጣሪያ አለው። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር (ዩኤስጂኤ) በ1998 የዱላ ፊት ኳስን የሚያነጥርበትን መጠን በደንብ ወሰነ፤ መለኪያው 0.830 ነው። ድራይቨሮች ጣሪያውን ቀድመው ነኩ፤ አምራቾች ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ፌርዌይ ዉድ አዞሩ። ቴይለርሜድ በ2012 «ሮኬትቦልዝ» የሚለውን ሞዴል ሲያወጣ፣ ከዱላው ራስ ሥር ስንጥቅ በማበጀት ፊቱ ይበልጥ እንዲነጥር በማድረጉ እስከ 17 ያርድ፣ ማለትም 15 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ተጨማሪ ርቀት ይገኛል ብሎ አስተዋወቀ። ዱላው እንደ ጉድ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ ይህን ያህል ሜትር ሊጨመር አይችልም፤ ደንቡም ተፈጥሮም አይፈቅዱም። ማስታወቂያውን በየዓመቱ እያመነ የገዛ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ኳሱ ከሜዳው አልፎ ሌላ ከተማ ባረፈ ነበር።

ስለዚህ ከአሥር ዓመት በታች ዕድሜ ያለው ዱላ በእጁ ያለ ሰው በአዲሱ የሚገዛው በአብዛኛው ዓመተ ምሕረቱን ነው። የዓመተ ምሕረት ዋጋ ደግሞ ቶሎ ይረክሳል።

አምራቾቹ ራሳቸው ይህን በከባድ ዋጋ ተምረዋል። ቴይለርሜድ የአዲዳስ ንብረት በነበረበት ጊዜ፣ በ2012 ሽያጩ ከ1 ነጥብ 3 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ደርሶ ነበር። በ2013 ብቻ «አር ዋን»ን፣ የሮኬትቦልዝን ሁለተኛ ደረጃ፣ «ኤስኤልዲአር»ንና «ጄትስፒድ»ን በላይ በላዩ አከታትሎ አወጣ። ሱቆች የፊተኛው ሳይሸጥላቸው የኋለኛው ደረሰባቸው። ቅናሽ በቅናሽ ላይ ተደረገ። ገዢውም ብልጥ ሆነ፤ ጥቂት ወራት ከጠበቀ ዋጋው እንደሚወርድ አወቀ። መርካቶ ውስጥ ዕቃ ሲበዛ የሚሆነውን የሚያውቅ አንባቢ መጨረሻውን ለመገመት አይቸግረውም። በ2014 የኩባንያው ሽያጭ ወደ 913 ሚሊዮን ዩሮ ወረደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ አዲዳስ የትርፍ ትንበያውን ዝቅ ሲያደርግ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የጎልፍ ገበያ ነበር። ዲክስ የተባለው ትልቅ የስፖርት ዕቃ መደብርም በዚያው ወር በሱቆቹ የነበሩትን በመቶዎች የሚቆጠሩ የጎልፍ ባለሙያዎች አሰናበተ። በ2016 ናይኪ የጎልፍ ዱላ መሥራት ተወ፤ ጎልፍስሚዝ የተባለው የሱቆች ሰንሰለትም የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። አዲዳስ በ2017 ቴይለርሜድን ለኬፒኤስ ካፒታል በ425 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማማ።

የገዛው ግን አልከሰረም። ከ2020 ወረርሽኝ በኋላ ሰው ወደ ሜዳ ሲጎርፍ፣ ያው ኩባንያ በ2021 ለአንድ የኮሪያ ባለሀብት ተቋም ሲሸጥ 1 ነጥብ 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዳወጣ ተዘግቧል።

ለአክሲዮን ገዢ ከዚህ የሚብሰው የአዳምስ ጎልፍ ታሪክ ነው። ባርኒ አዳምስ የሚባል ሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ «ታይት ላይስ» የሚል ፌርዌይ ዉድ ሠራ። ፊቱ አጭር፣ ክብደቱ ወደ ታች የወረደ ስለነበር ኳሱን ከአጭር ሣር ላይ በቀላሉ ያነሳል። በቴሌቪዥን ረዘም ያለ ማስታወቂያ ሲለቀቅለት ገበያው አበደ። ኩባንያው በሐምሌ 1998 አክሲዮኑን በ16 ዶላር ለሕዝብ አቀረበ።

ዱላው ይሸጥ የነበረው ኩባንያው በፈቀደላቸው ሱቆች ነው። ነገር ግን ኮስትኮ በተባለው የጅምላ መደብርም መታየት ጀመረ፤ ይህ በንግድ ቋንቋ «ግራጫ ገበያ» የሚባለው፣ ከአምራቹ መስመር ውጭ በጎን የገባ ዕቃ ነው። ኩባንያው አክሲዮኑን ከማቅረቡ በፊት ባለው ወር፣ ዕቃው ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ በፍርድ ቤት ጥያቄ አቅርቦ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ የአክሲዮኑ ዋጋ እጅግ ወደቀ። ባለአክሲዮኖች «ይህን ጉዳይ ቀድማችሁ አልነገራችሁንም» ብለው ከሰሱ፤ ኩባንያው ተከራከረ፤ ጉዳዩ በይግባኝ ጭምር ታይቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ በስምምነት ተዘጋ። በ2012 ቴይለርሜድ አዳምስን ሲገዛ ለአንድ አክሲዮን የከፈለው 10 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። ይህም ራሱ በ2008 አራቱ አክሲዮን ወደ አንድ ከተጠቀለለ በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በ16 ዶላር የገዛ፣ እስከ መጨረሻው የያዘ ሰው፣ በቀድሞው አቆጣጠር የተመለሰለት ሁለት ዶላር ከ70 ሳንቲም ነው። ዱላው ግን ጥሩ ዱላ ነበር። አንዳንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ እስካሁን አለ።

ወደ መለወጡ እንመለስ። አሮጌውን ለሱቅ መመለስ ምቹ ነው፤ ሱቁ ግን ለራሱ ትርፍ አስቦ ስለሚተምን፣ በቀጥታ ለተጫዋች በኢንተርኔት ከመሸጥ ያነሰ ዋጋ መቀበል ነው። የሚገዛ ሰው ደግሞ በተለይ በኢንተርኔት ከማያውቀው ሻጭ ሲወስድ አስመስሎ ከተሠራ ዱላ ይጠንቀቅ። የታወቀ ስም ያለው አዲስ ዱላ በግማሽ ዋጋ ከቀረበለት መጠርጠር አለበት። ዘንጉ ከዱላው ራስ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ያለውን መለያ ቁጥር ይይ፤ ካልታየ ወይም የተፋቀ ከሆነ ይተወው።

ሌላው ብዙዎች የማያስተውሉት የፊቱ ዘንበል ነው። የተለመደው «ሦስት ዉድ» 15 ዲግሪ ያህል ነው። ምቱ ቀርፋፋ የሆነ ተጫዋች፣ በተለይ ዕድሜው የገፋ፣ ያንኑ 15 ዲግሪ በአዲስ ከመተካት «አምስት ዉድ» ወይም «ሰባት ዉድ» ቢወስድ ኳሱ ከፍ ብሎ ይሄድለታል፤ ያውም ያገለገለ ቢሆን። ሰባት ዉድ የሽማግሌ ዱላ ነው የሚለው አባባል ዱሮ ነበር፤ ደስቲን ጆንሰን በኅዳር 2020 የማስተርስን ዋንጫ ሲወስድ አንዷ በቦርሳው ነበረች።

ጊዜውም ዋጋ አለው። ታላላቆቹ አምራቾች አዲስ ሞዴል የሚያስታውቁት አብዛኛውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ነው። የሚገዛ ሰው ያን ጊዜ ያለፈውን ዓመት ሞዴል ይጠይቅ። የሚሸጥ ሰው ደግሞ ከገና በፊት ቢሸጥ ይሻለዋል፤ ከዚያ በኋላ ዱላው በአንድ ሌሊት አንድ ዓመት ያረጃል።