አፕል ከገበያው ባሻገር፤ ለአምራቹ ቤተሰብ ጤና

በአማራ ክልል ደጋማ አካባቢዎች አፕል እንግዳ ፍራፍሬ መሆኑ እየቀረ ነው። በአዊ፣ በምዕራብ ጎጃም፣ በደቡብ ጎንደርና በሰሜን ሸዋ ከፍታ ቦታዎች ከገብስ፣ ከድንችና ከባቄላ ማሳ ጎን የአፕል ዛፍ ማየት ተለምዷል። ብርዱ ለሌላ ፍራፍሬ የማይመች በመሆኑ ማንጎና አቮካዶ ለማያበቅለው ደገኛ አርሶ አደር አፕል ጥሩ አማራጭ ሆኖለታል።

ይሁን እንጂ ፍሬው በገበያ የሚያወጣው ዋጋ ከፍ ያለ ስለሆነ አምራቹ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሽያጭ ነው። በዚህ ምክንያት ዛፉን ኮትኩቶና አጠጥቶ ለፍሬ ያበቃው ቤተሰብ ራሱ አፕል ሳይቀምስ የምርት ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። ገቢው ለቤተሰቡ የሚሰጠው ጥቅም የሚናቅ አይደለም። ከምርቱ ጥቂቱን ለቤት ማስቀረት ግን ገቢውን ብዙም ሳይጎዳ ለልጆችም ሆነ ለአዋቂዎች ጤና የሚበጅ ነው። ለዚህም ዋናው ምክንያት በፍሬው ውስጥ የሚገኘው የተፈጥሮ አሰር ወይም ፋይበር ነው።

ከጨንቻ እስከ ጎጃም ደጋ

በኢትዮጵያ አፕል ሲነሳ በቅድሚያ የምትጠቀሰው በጋሞ ደጋ የምትገኘው ጨንቻ ናት። ፍራፍሬው ወደ አካባቢው የገባው ከበርካታ ዓመታት በፊት በሚሲዮናውያን አማካኝነት ነው። ከዚያ ወዲህ ችግኝ በማዳቀልና ፍሬውን በመሸጥ ኑሯቸውን ያሻሻሉ የጨንቻ አርሶ አደሮች ለሌሎች ደጋማ አካባቢዎች አርአያ ሆነዋል።

በአገራችን ደጋዎች ከተለመዱት ዝርያዎች መካከል “አና” እና “ዶርሴት ጎልደን” ይገኙበታል። አና በእስራኤል የተገኘ ዝርያ ሲሆን ዶርሴት ጎልደን ደግሞ የባሃማስ ደሴቶች ውጤት ነው። አፕል በተፈጥሮው ለማበብ የተወሰነ የብርድ ጊዜ ይፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ግን ትንሽ ብርድ የሚበቃቸው በመሆናቸው በረዶ በማይጥልባቸው ደጋዎችም ፍሬ ይሰጣሉ። አና ብቻውን ሲተከል ምርቱ አነስተኛ ስለሚሆን በአጠገቡ ዶርሴት ጎልደን ሊኖር ይገባል፤ የአንዱን የአበባ ብናኝ ወደ ሌላው የምታደርሰው ደግሞ ንብ ናት።

በአንድ ፍሬ ውስጥ ምን አለ?

100 ግራም ከነልጣጩ የሚበላ አፕል ውስጥ 86 ግራም ያህሉ ውኃ ነው። ወደ 10 ግራም የሚጠጋ የተፈጥሮ ስኳር፣ 2 ነጥብ 4 ግራም አሰር፣ ጥቂት ፖታሲየምና ቫይታሚን ሲ ይኖረዋል። የሚሰጠው ኃይል 52 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። ፕሮቲን ግን የለውም ማለት ይቻላል።

አሰር የሚባለው የሰው ሆድ በራሱ ሊፈጨው የማይችለው የዕፅዋት ክፍል ነው። በአፕል ውስጥ ሁለት ዓይነት አሰር ይገኛል። አንደኛው በውኃ የሚሟሟ ሲሆን ዋናው ፔክቲን ይባላል። ማርማላታ ሲሠራ እንዲረጋ የሚያደርገው ይኸው ፔክቲን ነው። ሁለተኛው በውኃ የማይሟሟው ሲሆን ልጣጩን ጠንካራ የሚያደርገው እሱ ነው።

ፔክቲን ሆድ ውስጥ ከውኃ ጋር ሲገናኝ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። በዚህ ጊዜ ምግቡ ከሆድ ወደ አንጀት የሚወርድበትን ፍጥነት ስለሚቀንስ ስኳር ወደ ደም የሚገባው ቀስ በቀስ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ስብ ለመፍጨት ከሐሞት የሚወጣውን ንጥረ ነገር ይዞ ከዓይነ ምድር ጋር ያስወጣዋል። ጉበትም የወጣውን ለመተካት በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ይጠቀማል። አሰር ያለውን ምግብ አዘውትሮ መመገብ ለልብና ለደም ሥር ጤና ይጠቅማል የሚባለው በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው።

የማይሟሟው አሰር ደግሞ ዓይነ ምድርን ያበዛል፣ ያለሰልሳል፤ የሆድ ድርቀትንም ይከላከላል። ይህ እንዲሆን ግን በቂ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ፔክቲኑ በዚያ ለሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹም በምላሹ የአንጀትን ግድግዳ የሚመግቡ ንጥረ ነገሮችን ያመርታሉ።

ልጣጩን መጣል ግማሹን መጣል ነው

አፕልን ልጦ መብላት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። 100 ግራም የተላጠ አፕል ግን የሚቀረው አሰር 1 ነጥብ 3 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ግማሽ የሚጠጋው ከልጣጩ ጋር ይጣላል ማለት ነው። ሰውነትን ይጠብቃሉ ከሚባሉት የዕፅዋት ንጥረ ነገሮችም ብዙዎቹ ያሉት በልጣጩ ላይ ነው።

ጭማቂ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። በተጣራ የአፕል ጭማቂ ውስጥ አሰሩ ጨርሶ የለም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይቀንሳል፤ ስኳሩ ግን እንዳለ ይቀራል። ሦስትና አራት አፕል በተከታታይ ለመብላት የሚቸግረው ሰው የእነዚሁን ጭማቂ በአንድ ትንፋሽ ሊጨርሰው ይችላል።

ልዩነቱ በጥናትም ታይቷል። በአሜሪካ የፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ከምሳ በፊት ሙሉ አፕል የበሉ ሰዎች ምንም ካልቀመሱት ጋር ሲነጻጸሩ በምግብ ሰዓት የወሰዱት ኃይል በ15 በመቶ ቀንሷል። የተፈጨ አፕል ወይም ጭማቂ የወሰዱት ግን የሙሉውን ፍሬ ያህል አልጠገቡም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና ከ187 ሺህ በላይ የጤና ሠራተኞችን ለዓመታት የተከታተለ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ አፕልን ጨምሮ አንዳንድ ፍራፍሬዎችን በሙሉነታቸው የሚበሉ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ማግኘቱን አሳይቷል። ጭማቂ የሚያዘወትሩት ግን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር።

መድኃኒት አይደለም

በቀን አንድ አፕል የሚበላ ሰው ሐኪም አያስፈልገውም የሚለው የፈረንጆች አባባል በከተማም በገጠርም ይሰማል። ይህንኑ አባባል ለመፈተሽ ከ8 ሺህ በላይ አሜሪካውያን መረጃ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ ታትሟል። በየቀኑ አፕል የሚበሉት ሰዎች ትምህርታቸው፣ ክብደታቸውና ሌላው የኑሮ ሁኔታቸው ከግምት ሲገባ ሐኪም ዘንድ በመሄድ ከሌሎቹ የተለዩ ሆነው አልተገኙም፤ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት በመውሰድ ግን በመጠኑ ያነሱ ነበሩ። ስለዚህ አፕል ጥሩ ምግብ ነው እንጂ የሕክምናን ቦታ አይተካም። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አፕል በላሁ ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

በሌላ በኩል የደጋው አርሶ አደር አሰር የሚያገኘው ከአፕል ብቻ አይደለም። የገብስ ቆሎና በሶ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ሽሮ፣ ተልባና ጎመን በአሰር የበለጸጉ ናቸው፤ ባቄላማ በዚህ ረገድ ከአፕል ይበልጣል። በቫይታሚን ሲ በኩልም ብርቱካንና ዘይቱን ከአፕል በእጅጉ ይልቃሉ። አፕል ለደገኛው ማዕድ የሚጨምረው ሳይበስል የሚበላ ትኩስ ፍራፍሬን ነው። እህልና ጥራጥሬ በሞላበት፣ ፍራፍሬ ግን በማይገኝበት ገበታ ላይ የጎደለውም ይኸው ነው። ለሥጋም ለነፍስም የሚስማማ የጾም ምግብ መሆኑ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለማንኛውም ቤተሰብ ምቹ ያደርገዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብና ከምግቡ ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመክራል። ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት መጠኑ 250 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲሁም 15 ግራም አሰር ነው። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም ይፋ ያደረገችው የአመጋገብ መመሪያም ልዩ ልዩ አትክልትና ፍራፍሬ በየዕለቱ እንዲበላ ያሳስባል።

ከማሳ እስከ ማዕድ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ልጣጩ የሚበላ ከሆነ በልጣጩ ላይ የሚቀረው ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ፀረ ተባይ ወይም ፀረ ፈንገስ የተረጨበት ዛፍ ፍሬው መለቀም ያለበት በኬሚካሉ መያዣ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ጽሑፉን ማንበብ የሚቸገር አርሶ አደር ከመርጨቱ በፊት የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን መጠየቅ ይኖርበታል። ገበያ ደረሰ ተብሎ ትናንት የተረጨን ፍሬ ዛሬ መልቀም ገዥውንም የቤቱን ልጆችም ለጉዳት ያጋልጣል። ከለቀማ በኋላም ፍሬውን በንጹሕ ውኃ በእጅ እያሹ ማጠብ አስፈላጊ ነው።

ምርት ሲለይ ትልልቁና ያማረው ለገበያ ቢቀርብ ክፋት የለውም። ትንንሹ፣ ቅርጹ የተዛባው ወይም ልጣጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ፍሬ በአሰርም በጣዕምም ከሌላው አያንስም። ገበያ ላይ ዋጋ የሚያወርደው መልኩ ስለሆነ ለቤት የሚስማማው እሱ ነው። የሻገተና የበሰበሰ ፍሬ ግን ከዚህ ይለያል። በበሰበሰ አፕል ላይ የሚያድግ ሻጋታ መርዝ ስለሚያመነጭና መርዙም ከሚታየው ክፍል አልፎ ስለሚሰራጭ እንዲህ ያለውን ፍሬ ቆርጦ የቀረውን ከመብላት ይልቅ መጣል ይሻላል። በማከማቻ ውስጥም አንዱ የበሰበሰ ሌላውን ስለሚያበላሽ በየጊዜው እያዩ መለየት ያስፈልጋል። ለማከማቻ ቀዝቃዛ፣ ጨለማና አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ይመረጣል።

ለሕፃናት ሲሰጥ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጥሬ አፕል ጠንካራ በመሆኑ ትንንሽ ልጆችን ሊያንቅ ይችላል። 6 ወር ሞልቷቸው ተጨማሪ ምግብ ለጀመሩ ሕፃናት ፍሬው በጥቂት ውኃ ተቀቅሎ፣ ስኳር ሳይጨመርበት፣ ደቆ ሊሰጣቸው ይገባል። ከፍ ላሉትም ቢሆን በስሱ ተቆርጦ፣ ተቀምጠው እንዲበሉ ማድረግ ይመረጣል። የአፕል ዘር ሲታኘክ መርዛማ ንጥረ ነገር ስለሚፈጥር ዘሩ ያለበትን መሐለኛ ክፍል ማውጣት ተገቢ ነው፤ አንድ ሁለት ዘር ሳይታኘክ ቢዋጥ ግን አያሰጋም።

ፍራፍሬ ያልለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ አፕል ቢበላ ሆዱን ሊነፋው ይችላል። በግማሽ ፍሬ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይበጃል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አፕል አይከለከልም፤ ሆኖም መጠኑን አውቆ፣ ከነልጣጩ፣ ጭማቂ ሳያደርግ ቢበላው ይመከራል።

በሳምንት አንድ ኪሎ

ለቤት የሚቀረው ምን ያህል ቢሆን ነው ገቢውን የማይጎዳው? ስሌቱ ቀላል ነው። ስድስት ቤተሰብ ያለው አርሶ አደር በሳምንት ሦስት ቀን ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ፍሬ ቢያስብ የሚያስፈልገው 9 ፍሬ ነው። አንዱ ፍሬ 100 ግራም ቢመዝን ድምሩ ከአንድ ኪሎ ግራም አይበልጥም። ለቀማው ሁለት ወር ቢቆይ እንኳ ከጠቅላላ ምርቱ ለቤት የሚውለው 8 ኪሎ አይሞላም። ይህ ትንሽ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠውንም መጠን አያሟላም። ነገር ግን ፍራፍሬ ጨርሶ ለማይገባበት ቤት ጥሩ ጅምር ነው፤ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ሲጨመሩበት ደግሞ ለውጥ ያመጣል።

የወረዳና የቀበሌ አመራሮች ድርሻም እዚህ ላይ ይመጣል። የአፕል ልማት ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚለካው በተተከለ ችግኝ፣ በተለቀመ ኩንታልና በተገኘ ገቢ ነው። ከአምራቹ ቤት ስንቱ ፍራፍሬ እንደሚበላ የሚጠይቅ ዓምድ በሪፖርቱ ላይ ቢጨመር ጉዳዩ የሥራ አካል ይሆናል። የግብርና ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ተቀናጅተው በምርት ወቅት የአጠቃቀም ማሳያ ቢያዘጋጁ፣ በችግኝ ስርጭት ላይም ቢያንስ ሁለት ዓይነት ዝርያ አብሮ እንዲሰጥ ቢደረግ፣ ለትምህርት ቤት ግቢዎች የተወሰነ ችግኝ ቢመደብ ብዙ በጀት አይጠይቅም። በቤት ውስጥም ከምርቱ ምን ያህሉ እንደሚሸጥና ምን ያህሉ እንደሚቀር ባልና ሚስት ተመካክረው ሊወስኑት ይገባል።

ስሟን ከዚሁ ክልል ከሰቆጣ ከተማ ያገኘችው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም የተገባ የመንግሥት ቃል ናት። አፕል ብቻውን መቀንጨርን አያስቀርም፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬና ንጽሕና ሁሉ ያስፈልጋሉ። የተመጣጠነ ምግብ ከጓሮ ይጀምራል ሲባል ግን በጓሮው የበቀለው ፍሬ መጀመሪያ በቤቱ ልጅ እጅ ሊገኝ ይገባል። መጪው ለቀማ ሲደርስ አርሶ አደሩ ከእያንዳንዱ ቅርጫት ጥቂት ፍሬ ለቤቱ ቢያስቀር፣ ቤተሰቡም አጥቦ ከነልጣጩ ቢመገበው የልፋቱን ዋጋ በኪሱም በጤናውም ያገኘዋል።