ልጅዎን ጠይቀው ስንት ሴኮንድ ይጠብቃሉ?

ከሥራ ገብተው፣ ነጠላዎን ሰቅለው፣ ወጡን ጥደው ሳለ ልጅዎ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። «ሰባት ሲደመር ስምንት ስንት ነው?» ይሉታል። ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ጣቶቹን ከጀርባው ደብቆ መቁጠር ይጀምራል። እርስዎ ግን ሽንኩርቱ እንዳያርርብዎ ቸኩለዋልና «አሥራ አምስት ነዋ! ይሄ ይጠፋሃል?» ብለው መልሱን ራስዎ ይሰጣሉ። የቤት ሥራው ተሠራ፤ የሠሩት ግን እርስዎ ነዎት።

ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም፤ እኔም ሳደርገው ኖሬአለሁ። በሙያው የሠለጠኑ መምህራንም ሳይቀሩ የሚፈጽሙት ስሕተት ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በየክፍሉ የሚደረገውን ንግግር በቴፕ እየቀዱ ሲመረምሩ፣ መምህሩ ጥያቄ ካቀረበ በኋላ መልስ የሚጠብቀው በአማካይ ለአንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ከዚያ በኋላ ወይ ጥያቄውን ይደግማል፣ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራል፣ ወይ ራሱ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጥናታቸውን ያሳተሙት እኒህ ሴት፣ መምህራኑ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ መታገሥን ሲለምዱ የልጆቹ መልስ እንደሚረዝም፣ «አላውቅም» ማለት እንደሚቀንስ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገርና መጠየቅ እንደሚጀምሩ አሳዩ።

እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። መምህራኑ ሳይታወቃቸው ጎበዝ ለሚሏቸው ልጆች ረዘም ያለ፣ ደካማ ለሚሏቸው ደግሞ አጠር ያለ ጊዜ ይሰጡ ነበር። በቤታችንስ? «ይቺ ፈጣን ናት፣ ያኛው ፈዛዛ ነው» ብለን ከወሰንን በኋላ፣ ፈዛዛ ያልነው ልጅ አፉን እስኪከፍት ታግሠነው እናውቃለን?

የስዊሱ ሊቅ ዣን ፒያዤ ከልጆች ጋር ያደረጉትን አንድ ሙከራ በማድ ቤትዎ ሊያዩት ይችላሉ። አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ካለዎት፣ በሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ይቅዱና እኩል መሆኑን ራሱ ይመስክር። ከዚያ እያየ የአንደኛውን ውሃ ቀጠንና ረዘም ወዳለ ብርጭቆ ይገልብጡ። «አሁንስ የቱ ይበዛል?» ቢሉት፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን ያሳያል። «ተሳሳትክ!» አይበሉት። «እንዴት አወቅህ?» ይበሉትና በልብዎ ቀስ ብለው እስከ ሦስት ይቁጠሩ። ምክንያቱን ከነገረዎ በኋላ ውሃውን ወደ ቀድሞው ብርጭቆ ራሱ ይመልሰውና ይይ። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነገሩ ይገለጥለታል። ዛሬ በቁጣ ቢያስጠኑት ግን ቃሉን ይደግምልዎታል እንጂ አያምንበትም። ፒያዤ ያስተማሩት ልጅ እውቀትን እየነካና እየሞከረ ራሱ እንደሚገነባ ነው፤ እንደ እንስራ የሚሞላ አይደለም።

ነገሩ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ እንዳይመስልዎ። እንቆቅልሽ ስንጫወት ጠያቂው ለመልሱ አይቸኩልም። ተጠያቂው ይገምታል፣ ይስታል፣ እንደገና ይሞክራል፤ ጨርሶ ሲያቅተው ነው አገር የሚሰጠው። በቅኔ ቤትም ተማሪው የሌላውን መድገም አይበቃውም፤ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል።

«ለዚህ ሁሉ ጊዜ የት አለኝ?» ይሉ ይሆናል። ብዙ ልጆች በተጨናነቁበት ክፍል ለሚያስተምር መምህር ይህ እውነተኛ ችግር ነው። እርስዎ የሚጠየቁት ግን ሦስት ሴኮንድ ነው፤ እሱም ሽንኩርት እየከተፉ ሊሆን ይችላል። «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለትዎ በፊት «ዛሬ አስተማሪህን ምን ጠየቅህ?» ይበሉት። «ሽሮው ሲፈላ ለምን ይወፍራል?» ብሎ ቢጠይቅዎና ባያውቁት «እኔም አላውቅም፣ አንተ ምን ይመስልሃል?» ማለት አያሳፍርም።

አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ጎረቤቴ፣ ልጇ ክፍል ይደግማል ተብሎ ተነግሯት ስታለቅስ ይህንኑ ነገርኳት። በማግሥቱ ማታ ዕቃ እያጠበች «ዘጠኝ ሲደመር ስድስት?» ብላ ዝም አለች። ዝምታው ጨንቋት እንደ ነበር ነግራኛለች። ልጁ ቆይቶ «ለዘጠኙ ከስድስቱ ላይ አንድ አበደርኩትና አሥር ሆነ፤ አምስት ተረፈ፤ አሥራ አምስት» አላት። እንዲህ አድርጎ መደመርን ማንም አላሳየውም። የሒሳብ ውጤቱ ገና ያን ያህል አልተሻሻለም፤ ጣቶቹን ከጀርባው መደበቅ ግን ትቷል።