የሚዶ ቅርጽ ያላቸው ከተሞች፦ የመንገድ አቀማመጥና የዕለት ተዕለት ጉዞ



አንድ ተራ ስሌት ላስቀድም። በሁለት ጎረቤት ቅያሶች ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች አሉ እንበል። በቤቶቻቸው መካከል ያለው ርቀት 60 ሜትር ነው። ቅያሶቹ ግን ከአስፋልቱ ተነሥተው 300 ሜትር ከገቡ በኋላ በአጥር ይዘጋሉ እንጂ እርስ በርስ አይገናኙም። ስለዚህ ቡና ሊጠጣ የተጠራ ጎረቤት 300 ሜትር ይወርዳል፣ በአስፋልቱ ጠርዝ 60 ሜትር ይሄዳል፣ 300 ሜትር ደግሞ መልሶ ይወጣል። 60 የነበረው 660 ሆነ፤ አሥራ አንድ እጥፍ ማለት ነው። መንገዶቹ ጥቅጥቅ ብለው በቀጥታ ማዕዘን በሚቆራረጡበት ከተማ የእግረኛው ዙሪት ከቀጥታው ርቀት 1.4 እጥፍ ገደማ አይበልጥም።

ይህን አቀማመጥ የሚዶ ቅርጽ እለዋለሁ፤ አስፋልቱ የሚዶው ጀርባ፣ ቅያሶቹ ጥርሶቹ ናቸው። በአውራ ጎዳና ዳር የተቆረቆሩ ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞቻችን ወደዚህ ያዘነብላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወርዶ ደብረ ሲና የደረሰ መንገደኛ በአውቶቡሱ መስኮት ቆሎ ይዘው የሚሽቀዳደሙትን ሻጮች ያውቃቸዋል። ገበያው የሚመጣው በአስፋልቱ ነው፤ ሁሉም ደጁ ወደዚያ እንዲከፈት ይሻል።

ለአጭር ጉዳይ ባጃጅ የሚጠብቀውን ነዋሪ ሰነፍ ማለት ይቀናናል። እኔ ግን አልስማማም። ሰውየው የሸሸው 660ውን እንጂ 60ውን አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የተማሪዎቹ ነገር ነው፤ ሌላ መተላለፊያ ስለሌላቸው ከጭነት መኪና ጋር አንድ ጠርዝ ይጋፋሉ።

ተቃራኒውን ባሕር ዳር ላይ እናያለን። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው ማክስ ጉተር መሪነት ፕላን የወጣላት ይህች ከተማ፣ ሰፋፊና የተያያዙ ጎዳናዎቿ ብስክሌትን የዘወትር መጓጓዣ አድርገውላታል። እርግጥ የመሬቱ ሜዳነትም ድርሻ አለው።

ለሚዶ ከተማ ሰፊ መንገድ ግዴታ አይደለም። ሁለት ጥርሶችን ከውስጥ የሚያገናኝ፣ ሰው ከነሸክሙ የሚያልፍበት የእግር መንገድ ይበቃል። እንዲህ ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ሕዝቡ ረግጦ ያወጣው ስለሆነ በፕላን ላይ አይታይም፤ ይዞታ ተለክቶ ካርታ ሲሰጥ ወደ አንዱ ግቢ ገብቶ ቆርቆሮ ይታጠርበታል። ስለዚህ የፕላን ተማሪዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የመለኪያ ሜትራችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት በገበያ ቀን ማለዳ ሸክም የተሸከሙትን ሴቶች ተከተሏቸው፤ ያለፉበትንም ስርጥ በካርታችሁ ላይ አስፍሩት።