ኬላው ላይ ምን ታደርጋላችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት ዳልስተን ያለው ቤቴ በልጆች ይሞላል። የእህቴ ልጆችና ጓደኞቻቸው ናቸው፤ ሁሉም እዚሁ የለንደኑ ሃክኒ ውስጥ ያደጉ። አማርኛ ይሰማሉ፣ መልሳቸው ግን እንግሊዝኛ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ እርሳስና ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ አስቀምጣለሁ። ታሪኩን እኔ እጀምራለሁ፤ እነሱ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሆነው ይናገራሉ፣ ይወስናሉ። በጨዋታው ሕግ ላይ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የያዛችሁት ሰው የሚናገረው በአማርኛ ነው።

ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ የወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አሉት። በቀጣዩ ዓመት እዚህ ለንደን፣ ሼፐርድስ ቡሽ፣ ሦስት ጓደኛሞች ጌምስ ወርክሾፕ የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ከዚህ ጨዋታ ስድስት ቅጂ ብቻ አዝዘው በመላው አውሮፓ የማከፋፈል መብት አገኙ። ሃክኒም የጠረጴዛ ጨዋታ እንግዳዋ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. ሃገርስተን ውስጥ፣ በባቡር ሐዲድ ቅስት ሥር፣ ድራፍትስ የተባለ የጨዋታ ካፌ ተከፍቶ ነበር።

አሸናፊና ተሸናፊ የለም። አንድ ሰው ጨዋታውን ይመራል፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። መሪው ያሉበትን ሁኔታ ይነግራቸውና «ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ነገሩ ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ ይጣላል፤ በወጣው ቁጥር ላይ የገጸ ባሕርይው ችሎታ ይደመራል። ለቀላል ነገር 10፣ ለመካከለኛ 15፣ ለከባድ 20 መድረስ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ቀን ከዚህ በላይ ሕግ አያስፈልግም። ብዙዎችን የሚያስፈራው ወፍራሙ የሕግ መጽሐፍ ነው፤ እሱ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ለጀማሪ መሪ የምመክረው ይህን ነው፦ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ አታዘጋጁ። ከፊታቸው የሚቆመው ሰው ምን እንደሚፈልግ አዘጋጁ።

የእኔ የመጀመሪያ ታሪክ ከጎንደር ወደ ምጽዋ ስለሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች ነበር። በቀንድ የታሸገ ዝባድ ጭነዋል። መንገዱን ኬላ ዘግቶታል፤ ኬላ ጠባቂው ከቀረጡ ሌላ አንዲት በቅሎ ካልሰጣችሁኝ አላሳልፍም ይላል። ወረቀቴ ላይ ስለ እሱ የጻፍኩት ጥቂት ነው፦ ልጁን ሊድር ነው፣ ለጠጁ ማር አጥቷል፣ መናቅን አይወድም። የቀረውን ልጆቹ ሠሩት። አንዷ አዝማሪ ሆና ጠባቂውን ልታወድስ ተነሳች። ሽማግሌውን ነጋዴ የያዘው ዓይን አፋሩ ልጅ ደግሞ ቀድሟት «አንተ፣ በሩን ክፈት!» አለ። እህቱ «እርስዎ በል እንጂ!» ብላ ጮኸች። ጠባቂው ተቆጣ፤ 10 የነበረው ቁጥር 15 ሆነ። ልጁ ትንሽ አሰበና «ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ከሩቅ አገር ነው የመጣሁት» አለ። ከዚያ በፊት ከዚህ ልጅ አፍ አንድ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ዳይሱ 7 ወጣ። ጀማሪ መሪ እዚህ ላይ «አልተሳካም» ብሎ ዝም ካለ ጨዋታው ይቆማል። ውድቀት ታሪኩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዙረው እንጂ አይዝጋው። እኔ በሩን አስከፈትኩት፤ ግን ነፋስ መጣና የዝባዱ ሽታ ወደ ጠባቂው አፍንጫ ገባ። አሁን በቅሎዋን ትቶ ቀንዶቹን ፈለገ። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ።

ከጠረጴዛችን መካከል የኤክስ ምልክት ያለባት ካርድ አትጠፋም። ሐሳቡን የነደፈው ጆን ስታቭሮፖሎስ ነው፤ ታሪኩ የከበደው ሰው ካርዷን ይነካል፣ ያ ነገር ያለ ጥያቄ ይታለፋል። ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ቤተሰቦች ልጆች በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ይህቺ ካርድ ከዳይሱ ትቀድማለች እላለሁ። አንድ ጊዜ ቤት ሲቃጠል ልተርክ ስል ተነካች። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ዝናብ አዘነብኩና መንገዳችንን ቀጠልን።

ወጪው አያሳስብ። የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መሠረታዊ ሕጎች በ2023 እ.ኤ.አ. በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቀዋል፤ ምንጩን ጠቅሶ ማንም ሰው በነጻ ሊጠቀምባቸው፣ ሊተረጉማቸው፣ አሳትሞ ሊሸጣቸውም ይችላል። አንድ ትጉህ ሰው ወደ አማርኛ ቢመልሳቸው የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ልጆችም በራሳቸው ቋንቋ ይይዟቸው ነበር፤ ይህን ከልቤ እመኛለሁ።

ሁለት ሰዓት ይበቃል። ልጆቹ ገና ሳይሰለቹ፣ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ላይ አቁሙ፤ የፈጠራችኋቸውን ሰዎች ስም ሁሉ ጻፉ፣ ልጆች ስም አይረሱም። መሪነቱንም ለሌላ አሳልፉ። የእህቴ ልጅ አሁን የራሷን ታሪክ እያሰናዳች ነው። ቦታው ሪድሊ ሮድ ገበያ፣ ጉዳዩ የጠፋ የበርበሬ ጆንያ። ማን እንደወሰደው ብጠይቃት «አንቺም ተጫዋች ነሽ» ብላ ወረቀቷን ሸፈነችብኝ።