ገዘፍ ላለ ሰው የሚሆን ሞተር ሳይክል

ሞተር ሳይክል ሊገዛ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሲሲ ነው?» ብሎ ነው። ክብደቱ ከመቶ ኪሎ ላለፈ ሰው ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ «ስንት ኪሎ ይችላል?» የሚል። ሞተሩ ይጎትታል እንጂ አይሸከምም። ሸክሙ የሚያርፈው በሻንሲው፣ በአሞርቲዛተሩ፣ በቸርኬውና በጎማው ላይ ነው።

መልሱ በቀላል ሒሳብ ይገኛል። በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ተጽፏል። ከእሱ ላይ ነዳጅ የተሞላው ሞተር ሳይክል ራሱ የሚመዝነውን ይቀንሱ፤ የቀረው የእርስዎ፣ የዕቃዎና የሚያፈናጥጡት ሰው ድርሻ ነው። ትልቁ ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ 249 ኪሎ ይመዝናል፣ የተፈቀደለት 465 ነው፤ ስለዚህ 216 ኪሎ ይሸከማል። 120 ኪሎ የሚመዝንና 270 የተፈቀደለት ትንሽ ሞተር ሳይክል ግን 150 ብቻ ይተርፈዋል። 115 ኪሎ የሆነ ሰው ከሄልሜት፣ ከጃኬትና ከጫማ ጋር 125 ቢደርስ ቀሪው 25 ኪሎ ነው። ለብቻው በደህና ይሄዳል፤ ሰው ማፈናጠጥ ግን የለበትም።

ጎማውንም ይመልከቱ። ከልኩ ቀጥሎ የታተመው ቁጥር የሚችለውን ጭነት ያመለክታል፦ 57 ማለት 230 ኪሎ፣ 66 ማለት 300 ኪሎ ነው። ሲቀይሩ ከፋብሪካው ያነሰ ቁጥር አይግዙ፤ ነፋሱንም መመሪያው ለሙሉ ጭነት ባዘዘው ልክ ያስሞሉ።

ክብደትና ቁመት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ለረጅም ሰው ዋናው ከመቀመጫው እስከ እግር መርገጫው ያለው ርቀት ነው፤ ካጠረ ጉልበት ይታጠፋል፣ መሪው ሲዞርም ይነካዋል። ለኮረኮንች የተሠሩት መቀመጫቸው ከፍ፣ መሪያቸው ሰፋ ስለሚል ለእሱ ይመቻሉ። ወፍራም ሆኖ አጠር ላለ ሰው ግን ሁለቱንም እግሮቹን መሬት የሚያስረግጠው፣ መቀመጫው ዝቅና ሰፋ ያለው ይሻላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት አሞርቲዛተሩን ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ሞላው የሚስተካከለው ለመካከለኛ ክብደት ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ኋላው ይሰምጣል፣ መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል፣ የፊት ጎማው ቀልሎ መሪው ይዋልላል። ለመፈተሽ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ ከጎማው መሃል ብሎን እስከ መቀመጫው ሥር ይለኩ። ከዚያ ሙሉ ልብስዎን ለብሰው ይቀመጡና ሌላ ሰው እንደገና ይለካ። ለአስፋልት በተሠራ ሞተር ሳይክል ልዩነቱ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን መልካም ነው። ከበለጠ ሞላውን ያስጠብቁ፤ እስከ መጨረሻው ጠብቆም ካልተስተካከለ ጠንካራ ሞላ ያስቀይሩ።

ሲሲ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በደጋ ግን ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ቆላ ላይ የሚበቃ 100 ሲሲ፣ ከባድ ሰው ይዞ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ያቃስታል። ቁልቁለት ደግሞ የፍሬን ጉዳይ ነው። ከጎሐ ፅዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ክብደቱ በጨመረ መጠን ፍሬኑ ይግላል። ስለዚህ የፊቱ ፍሬን ዲስክ ቢሆን ይመረጣል፤ ሲወርዱም ማርሽ ይቀንሱ።

ሰውነትዎ ስህተት የለበትም፤ የሚስተካከለው ማሽኑ ነው። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሄልሜትዎንና ጫማዎን ይዘው ሄደው ይቀመጡበት፤ ሰው የሚያፈናጥጡም ከሆነ እሱንም ይዘው ይሂዱ። ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ኋላው መሬት የሚነካ ከመሰለ፣ ዋጋው ቢረክስም ይተዉት።