ከእንጦጦ የተቆፈረው አፈር ቀበና ላይ ያርፋል

ሠርቶ አደሩ ሕዝብ ቤት፣ መንገድና ትምህርት ቤት እንደሚያስፈልገው የማይታበል ሐቅ ነው። አከራካሪው ጉዳይ የግንባታው ጥቅም ለማን፣ ጉዳቱስ በማን ላይ ይውላል የሚለው ነው።

የየካ ክፍለ ከተማ አቀማመጥ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጣል። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የቀበና ወንዝም ከዚያው ተነሥቶ ሰፈሮችን እያቋረጠ ወደ መኻል ከተማ ይወርዳል። በላይኛው ተዳፋት ለመሠረት የተቆፈረ ወይም ከድንጋይ ካባ የተራገፈ አፈር በገደሉ አፋፍ ሲደፋ፣ በጋውን ሙሉ ማንንም የጎዳ አይመስልም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት ግን ያ አፈር ከተራራው ውኃ ጋር ወርዶ የወንዙን ወለል ይሞላል፤ የድልድዩንና የቱቦውን አፍ ይዘጋል፤ መውጫ ያጣው ጎርፍም በወንዝ ዳር ወደሚኖረው ላብ አደር ጎጆ ይገባል። የግል ጥቅም አሳዳጁ ሥራ ተቋራጭ ከማጓጓዣ ኪራይ ያተረፈውን ገንዘብ ድኻው በራሰ እህልና በበሰበሰ ፍራሽ ይከፍለዋል።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት በእንጦጦ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ቤት ሥራ፣ ከማገዶ ፍጆታ ጋር ተዳምሮ፣ ነባሩን የጽድና የወይራ ደን አራቆተው። መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ እንደ ነበርና ከተማዪቱን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ እንዳቆያት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሣር እንደ ልብ አያበቅልም፤ የረገፈውን ቅጠልም እናቶች ለብዙ ዘመን ለማገዶ ጠርገው በጀርባቸው ስላወረዱት መሬቱ ለጎርፍ ራቁቱን ቀረ። (ተሸካሚዋን መውቀስ አይገባም፤ ሌላ ማገዶ ብታገኝ ኖሮ ያን አቀበት ባልወጣች ነበር።) ኤንግልስ «የተፈጥሮ ዲያሌክቲክስ» በተሰኘው ሥራው መስጴጦምያንና ግሪክን በምሳሌነት ያነሣው ለዚሁ ነበር፤ ለእርሻ ሲሉ ደናቸውን የጨፈጨፉ ሕዝቦች ሳያውቁት የውኃቸውን ማጠራቀሚያ አጠፉ።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማው ከሥራው እንዲቀድም፣ ሊጎዱ የሚችሉ ነዋሪዎች አስተያየትም እንዲካተትበት ደነገገ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92ም ሕዝቡ በቀጥታ በሚነኩት ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል።

ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበር አባላት ሊጠይቁት የሚገባው ቀላል ነው፦ አፈሩ የት ይደፋል? የድጋፍ ግንቡ ከቁፋሮው ጋር ይሠራል ወይስ በኋላ? ለም የሆነው የላይኛው አፈር ለችግኝ ተለይቶ ይቀመጣል? ቦዩን ከሰኔ በፊት የሚጠርገው ማነው? የቁፋሮ ሠራተኛውና የገልባጭ መኪናው ሾፌር አፈሩ የሚጣልበትን ስፍራ ከማንም መሐንዲስ ቀድመው ያውቃሉና ከማኅበሩ ጋር ይነጋገሩ። ጥያቄው መቅረብ ያለበትም የመጀመሪያው ገልባጭ ከመጫኑ በፊት፣ ወረቀቱ ገና በፈቃድ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው።